ምርኩዝ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ለማኝ አይደለም!



ይህ ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሦስት የኮሚቴ አባላት አንብበውታል። አንደኛው «ጥሩ ነው፤ ለጥፈው» አለኝ። ሁለቱ ግን «ተው እባክህ! ባለሙያው ያነበበው እንደሆነ ይቀየመናል። ከተቀየመ ደግሞ የሰፈራችንን ድሆች ከመዝገብ ያስወጣብናል» አሉኝ። አንድ ሌሊት አሰብኩበትና ለጠፍኩት። ምክንያቱም የምጽፈው ስለ ባለሙያው ብቻ ሳይሆን ስለዚሁ ስለ ፍርሃታችን ጭምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታችኛው መንደር፥ ከወንዙ ዳር የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ጉልበት ሳላቸው ግንበኛ ነበሩ፤ የብዙዎቻችንን አጥር ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሥራቸው የቀን ሥራ ስለነበረ ጡረታ የሚባል ነገር የላቸውም። የስኳር በሽታ ይዟቸው ግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆርጧል። ባለቤታቸው አርፈዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ቤሩት ከሄደች በኋላ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ስትልክ ቆየች፤ ኋላ ግን ብሩም ድምፅዋም ጠፋ። የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ላይ ጎረቤቶቻቸው «ይሂዱና ለቀጥታ ድጋፍ ይመዝገቡ» ብለው ገፋፏቸው። ቀጥታ ድጋፍ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች ሲጀመር ሁለት በር ተደርጎለት ነበር። አንደኛው በር መሥራት ለሚችል ድሃ ነው፤ መንገድ ይጠርጋል፥ ቆሻሻ ያነሳል፥ ችግኝ ይተክላል፤ ለዚያ ይከፈለዋል። ሁለተኛው በር መሥራት ለማይችል ነው፤ ጧሪ ለሌለው ሽማግሌና አሮጊት፥ ለአካል ጉዳተኛ፥ የማይድን ሕመም ለጣለው። እሱ ሥራ ሳይጠየቅ ገንዘቡ ይሰጠዋል። ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኚህ አባት ለዚህ በር ካልሆኑ በሩ ለማን ተሠራ?

ሄዱ። ጽሕፈት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። «ባለሙያው አንድ ደቂቃ ይውረዱልኝ» ብለው በጥበቃው ላኩበት። «ጉዳይ ያለው ይምጣ» የሚል መልስ መጣ። ስለዚህ ምርኩዛቸውን ለጎረቤት ልጅ አስይዘው፥ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፥ በእጃቸው እየተገፉ ወደ ኋላ አንድ በአንድ ወጡት። ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ ባለሙያው ለምሳ ወጥቷል። በምን በኩል ወጣ ብትሉ፥ እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳለ በአጠገባቸው አልፎ ነው የወረደው።

በሳምንቱ ተመልሰው ሲሄዱ «ልጅህ አረብ አገር አይደለች እንዴ? አንተ ምን ጎደለህ?» ተባሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ «እጅህ ደህና ነው፤ ከፈለግህ መንገድ ጽዳት ላይ እንመዝግብህ» ተባሉ። በአንድ እግር፥ በሁለት ምርኩዝ፥ በየትኛው እጃቸው መጥረጊያ ሊይዙ ነው? በመጨረሻ «እንግዲያው የከለከሉኝን በወረቀት ያድርጉልኝ» ብለው ለመኑት። ባለሙያውም «ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ማንበብ ትችላለህ?» አላቸው። ሽማግሌው ልጁን አንቱ ይሉታል፤ የልጅ ልጃቸው የሚሆነው ልጅ አንተ ይላቸዋል። ወገኖቼ፥ እኛ ቤት ልጅ የምናሳድገው እንዲህ ነው?

ይህን በወሬ ይዤ አልጻፍኩም። እሳቸውንም፥ አብራቸው የነበረችውንም ልጅ ለየብቻ ጠይቄ ቃላቸው አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

አንዳንዱ ሰው ለባለሙያው ይከራከርለታል። «አንድ ሰው ነው፤ የሚመጣበት ሕዝብ ብዙ ነው፤ ኮታው ደግሞ ትንሽ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ እኔም አልክድም። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው ደመወዙ የማያወላዳ፥ አለቃ የሚጮህበት፥ ሪፖርት የሚጠየቅ ሰው ነው። ነገር ግን ኮታው ካለቀ «ኮታው አልቋል» ብሎ መጻፍ ነው። ኮታ ሽማግሌን አንተ አያስብልም። ኮታ በደረጃ ላይ የሚንፏቀቅን ሰው አልፎ ምሳ አያስበላም። ብር ማጣት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መናቅ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን እንታገሠዋለን፤ ሁለተኛውን ግን በምን ሒሳብ እንታገሠው?

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ቢሆንም ፊደል የቆጠረ ሰው አዋጅ ከማንበብ አይከለከልም። አነበብኩ፤ ያልገባኝን የሚያውቁትን ጠየቅሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፥ መንግሥት ያለው አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፥ ለአረጋውያንና አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለውን አልደበቅኋችሁም። አቅም ከሌለ ገንዘቡ ሊታጣ ይችላል። መልስ መስጠትና ወንበር ማቅረብ ግን የምን አቅም ይጠይቃል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፥ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድም፥ ደረጃ መውጣት ለማይችልም ሰው መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በጽሑፍ፥ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ የአዲስ አበባ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችም በዚህ ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ እኚህ አባት «በወረቀት ያድርጉልኝ» ሲሉ ችሮታ አልጠየቁም፤ ሕጉ የሚለውን ነው የጠየቁት። ማንበብ አለመቻላቸው መብታቸውን አይፍቅም። እሳቸው ባያነቡት እኛ እናነብላቸዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ባለሙያው ሽማግሌውን የናቀው ብቻቸውን ስላያቸው ነው። ኋላቸው ሰው ቢያይ ኖሮ ወንበር ይስብላቸው ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ እኛ የት ነበርን? ላስታውሳችሁ። እኚህ አባት ዛሬ ቢያርፉ፥ እግዜር አያድርገውና፥ ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ይተከላል። ጡሩምባው ይነፋል። ሬሳቸውን ለመሸከም አርባ ሰው ይሻማል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ምሳና እራት ተሠርቶ ይመጣል። በቁማቸው ሳሉ ግን ሦስት ፎቅ የሚያወጣቸው አንድ ሰው አጡና ከአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ ጋር ሄዱ። ሬሳ ለመሸከም የሚበረታ ትከሻ በሕይወት ያለውን ለመደገፍ ስለምን ይሰንፋል?

ሌላውን ብቻ አልከስም፤ እኔም አለሁበት። በዚያ ክረምት መጥተው ሲነግሩኝ «ይታገሡ አባባ፤ ነገሩን ካከረርነው ይብስብናል» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለባለሙያው ነው የሠራሁለት። «ነገ ይምጡ» የሚለው እሱ፥ «እሺ ይበሉ» የምንለው እኛ፤ ሁለታችን ተጋግዘን አንድ ሽማግሌ አስቀረን።

ፍርሃታችንም ትርፍ አላመጣልንም። «ከተቀየመ ከመዝገብ ያስወጣናል» እንላለን። እስቲ ዝም ያልነው ለመቼ ነው? ዝም ብለንለት እኚህ አባት መዝገብ ገቡ? አልገቡም። እስከ ዛሬ በእጃቸው «አዎን» የሚልም «አይሆንም» የሚልም አንድ ቁራጭ ወረቀት የለም። በቀን ሁለት ጊዜ ዋጡ የተባሉትን መድኃኒት እንዲበረክትላቸው አንድ ጊዜ አድርገውታል። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ብሄድ በቀኝ እግራቸው ጣት ላይ ቁስል አሳዩኝ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ቁስል ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ግራ እግራቸው ነግሮናል። ጤና ጣቢያ በማግስቱ ወስደናቸዋል። ነገር ግን ቁስል ታክሞ መድኃኒት በግማሽ ከተዋጠ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ጉዳዩ ነገ የሚባልበት አይደለም።

ስለሆነም በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የሚቃወም ካለ እዚያው ተነሥቶ ይከራከረኝ።

አንደኛ፥ ከሰፈራችን ማንም አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ለድጋፍ ጉዳይ ብቻውን ቢሮ አይሂድ። በየሳምንቱ ሁለት ሰው ተረኛ ይሁን። ለሮንድ ጥበቃ ተራ ማውጣት ካወቅን ለዚህም እናውቅበታለን።

ሁለተኛ፥ ማመልከቻ ሲገባ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንደኛው ለመሥሪያ ቤቱ፥ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ተመትቶበት በእጃችን ይቅር። ማኅተም የሌለበት ማመልከቻ አልገባም ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ተረኛው ደብተር ይያዝ። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ያነጋገረንን ሰው ስምና የተባለውን ቃል ይጻፍ። አይጨምር፥ አይቀንስ።

አራተኛ፥ «አይሆንም» ከተባለ «እሺ፤ ምክንያቱን ጽፈው ይስጡን» እንበል። «ልጅ ውጭ አገር አለችው» ከተባለ ብር መላክዋን ያረጋገጡት በምን እንደሆነ እንጠይቅ። መልስ ከሌለ ለኃላፊውና ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ እናቅርብ። እዚያም ካልሆነ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እዚያ አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል፤ ባለጉዳዩ ካልቻለ ቤተሰቡ ወይም ሌላ ሰው ስለ እሱ ማቅረብ ይችላል።

አምስተኛ፥ አንሳደብ፤ አንጩህ። የተሳደብን ቀን ነገሩ ከሽማግሌው እግር ወርዶ ወደ እኛ አፍ ይዞራል። በትሕትና ቆመን ወረቀታችንን እንጠይቅ።

ለባለሙያውም አንድ ቃል አለኝ፤ ይህን እንደሚያነብ አውቃለሁና። ወንድሜ ሆይ፥ ስምዎን አልጻፍኩም፤ መሥሪያ ቤትዎንም አልጠራሁም። እርስዎን ማዋረድ ሥራዬ አይደለም። ጠባዩ ደህና የሆነ፥ ባለጉዳይ ሲመጣ ብድግ የሚል ሠራተኛም በየመሥሪያ ቤቱ እንዳለ አውቃለሁ። የምንፈልገው እርስዎም ከእነሱ አንዱ እንዲሆኑ ብቻ ነው። የመጪው ሰኞ ተረኛ እኔ ነኝ። ከእኚህ አባት ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሕንፃው በር እንገኛለን። ደረጃውን አይወጡም፤ እርስዎ ይውረዱ። ሁለት ቅጂ ማመልከቻ ይዘናል። ማኅተምዎን ይዘው ይምጡ።

አባባንም ግዴለዎትም፥ አንቱ ይበሏቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ