የጌራው መስፍን የቀብር ዜማ

በጀርመን አገር የጌራ ከተማና የአካባቢዋ ገዥ የነበረው መስፍን ሃይንሪሽ ሮይስ በ1572 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደ፥ እንግዲህ ገና ከማኅፀን ሳይወጣ ለኀዘን የተመደበ ሰው ሲሆን፥ በሕይወቱ ሳለ የሬሳ ሣጥኑን አሠርቶ፥ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያኑ መዝሙራት የመረጣቸውን ቃላት በክዳኑና በጎኖቹ ላይ አስጻፈ። እርሱም በዲሴምበር 1635 ዐርፎ፥ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1636 ሥጋው ወደ መቃብር ሲወርድ፥ እነዚያው በሣጥኑ ላይ የተጻፉት ቃላት የድሬስደን ቤተ መንግሥት የመዘምራን አለቃ ሃይንሪሽ ሹትስ ባለበሳቸው ዜማ ተሰሙ። ድርሰቱ በዚያው ዓመት በድሬስደን ታትሞ ወጣ፤ ባሮክ የሚባለው ዘመን ስለ ኀዘን ከተዋቸው መንፈሳውያን ድርሰቶች ሁሉ ይህን የሚስተካከል አላውቅም።

ባለፈው ኅዳር በጀርመን አገር በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ሰማሁት። ዕለቱ የሙታን እሑድ የሚሉት ነበር፤ ይኸውም የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ በ1816 የደነገገው፥ ለልደት በዓል መዘጋጃ ከሆኑት አራት ሰንበታት በፊት የሚውል የመታሰቢያ ቀን ነው። በዚህ ዕለት ጧት በዓመቱ ውስጥ ያረፉት ምእመናን ስም በየአጥቢያው ይነበባል፥ ሻማም ይበራላቸዋል፤ ወደ ማታ ግን ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ለዜማ ይከፈታሉ።

ዜማው የተደረሰበት ዘመን ክፉ ነበር። በ1618 ተቀጣጥሎ ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት ራብና ቸነፈር እያስከተለ መንደሮችን ባዶ ሲያስቀር፥ የመሳፍንቱም ግምጃ ቤት ሲራቈት፥ መዘምራን ተበትነው፥ ብዙ ድምፅና ብዙ መሣሪያ ያለው ማኅሌት የማይታሰብ ሆነ፤ ሹትስም በዚያው በ1636 ባሳተመው ሌላ የመዝሙር መጽሐፍ መቅድም ላይ ጦርነቱ ጥበበ ዜማን እንዳደከመው በምሬት ጽፏል። ስለዚህ ለጌራው ቀብር ያዘጋጀው ድርሰት ከሰው ድምፅ በቀር የሚሻው መሠረቱን የሚይዝ ኦርጋን ነው። ደራሲው ኀዘንን በሌላው ቤት ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በ1619 ያገባት ሚስቱ ማግዳሌና በ1625 ሁለት ሕፃናት ሴቶች ልጆች ትታበት ሞተች፥ እርሱም ሌላ ሳያገባ 87 ዓመት ሞልቶት በ1672 ሲያርፍ ሁለቱም ልጆቹ ቀድመውት ሞተው ነበር።

ድርሰቱ ሦስት ክፍል ነው። የመጀመሪያው፥ ከሁሉም የሚረዝመው፥ አንድ ድምፅ ብቻውን ተነሥቶ ጻድቁ ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን ባጣ ጊዜ ስለ ራሱ ዕራቁትነት የተናገረውን በማዜም ይጀምርና፥ እኛ በሰሙነ ሕማማት ኪራላይሶን እያልን የምናቀርበውን የምሕረት ልመና በጀርመንኛ ያስከትላል፤ ከዚያም በሣጥኑ ላይ የነበሩት ጥቅሶች አንዳንዴ በሁለት፥ አንዳንዴ በሦስት ድምፅ፥ አንዳንዴም በማኅበሩ ሁሉ እየተፈራረቁ ይወርዳሉ። ሁለተኛው ክፍል አጭር ነው፤ በጀርመኖቹ ቍጥር 73ኛ፥ በእኛ ዳዊት 72ኛ ከሆነው መዝሙር የተወሰደ ቃል በሁለት ማኅበር ይዘመርበታል።

ሦስተኛው ክፍል ግን የመጣሁለት ነበር። በኦርጋኑ አጠገብ የቆሙት አምስት ድምፆች፥ ሕፃኑን ጌታ በክንዱ የታቀፈው አረጋዊ ስምዖን በሰላም እንዲሰናበት የለመነውን ጸሎት በዝግታ ሲያዜሙ፥ ሹትስ ከእነርሱ አርቆ ያቆማቸው ሦስት ድምፆች፥ ሁለቱ ሱራፌልን፥ አንዱ የብፁዕን ነፍስ ወክለው፥ በጌታ የሚሞቱትን ሰዎች ብፅዕና ከራእየ ዮሐንስ፥ የጻድቃን ነፍሳት በእግዚአብሔር እጅ እንደ ሆኑ ደግሞ ከመጽሐፈ ጥበብ ወስደው ይመልሳሉ። (መጽሐፈ ጥበብን ሉተራውያን ከቀኖና ውጭ ሲያኖሩት፥ እኛ ከሰማንያ አሐዱ የምንቈጥረው መሆኑን በዚያ ሰዓት ማሰቤ ደስ አሰኝቶኛል።) ደራሲው ይህ የሩቁ ማኅበር ተባዝቶ በቤተ ክርስቲያኑ ልዩ ልዩ ስፍራ ቢቆም ዜማው ይበልጥ እንደሚያምር መክሯል። ማኅበራትን አራርቆ የማዘመርን ጥበብ ከ1609 ጀምሮ በቬኒስ በጆቫኒ ጋብሪኤሊ እግር ሥር ተቀምጦ ተምሮት ነበር፤ ነገር ግን በቬኒስ ለክብረ በዓል ድምቀት ያገለግል የነበረውን ብልሃት እርሱ በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለውን ርቀት ለማሰማት አዋለው።

እኔ በሰማሁበት ቤተ ክርስቲያን ሦስቱ ዘማርያን ከኋላችን በሰገነት፥ ከዓይን ተሰውረው ቆመው ነበር። የፊተኛው ማኅበር ዝም አላለላቸውም፥ እነርሱም ዝም በል አላሉትም፤ የሚሰናበተው በስንብቱ፥ የተቀበሉትም በመቀበላቸው ቀጠሉ፥ ቃላቸውም የተለያየ ሳለ ዜማው አንድ ሆነ። የሹትስ ማጽናናት ርቀቱን ሳይክድ የሚያጽናና ስለ ሆነ አምነዋለሁ። ሙታኑ አጠገባችን እንዳሉ አድርጎ አያባብልም፤ ሩቅ እንደ ሆኑ አውቆ፥ ድምፃቸውን ከዚያው ከሩቅ ያሰማል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ባገኘሁት እውቀት ብቻ አይደለም። እናቴ ባረፈች ጊዜ በባዕድ አገር ነበርሁና፥ ያገሬ ሰዎች ማልደው መጥተው አረዱኝ፤ ግንዘቱን ሳላይ፥ አፈር ሳላለብሳት፥ ሣልስቷንና አርባዋን በስልክ ጠይቄ ዋልሁ። ወዳጆቼ በቅንነት ይበቃሃል፥ በርታ ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን የሚያስፈልገኝ ኀዘኔ የሚያልፍበት ሥርዓት እንጂ የሚቆምበት ትእዛዝ አልነበረም። አበው ሣልስቱን፥ ሰባቱን፥ አርባውን፥ ሙት ዓመቱን ለይተው መደንገጋቸው፥ ግንዘቱንና ፍትሐቱን በዜማ ማድረጋቸው ምን ያህል ርኅራኄ እንደ ነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የጌራው መስፍንም ለሚቀብሩት ሰዎች ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በድንጋጤ ቃል በሚጠፋበት ሰዓት የሚሉትን አስቀድሞ በሣጥኑ ላይ አኖረላቸው።

እንዲህ ያለው ዜማ ከጸሎትነት ወጥቶ የትርዒት ነገር ሆኗል፥ ሰውም መግቢያ ገዝቶ ያዳምጠዋል ብለው የሚያዝኑ አሉ። ኀዘናቸውን አከብራለሁ፥ ፍርዳቸውን ግን አልቀበልም። ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩት አረጋዊት ሴት፥ ጧት ስሙ የተነበበለት ሰው እንዳላቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር፤ ሦስቱ ድምፆች ሲጀምሩ የያዙትን ወረቀት አጥፈው እጃቸውን አጋጠሙ። ለእርሳቸው ትርዒት አልነበረም። ይልቅስ እኔን የሚያሳዝነኝ ጭብጨባው ነው፤ ኦርጋኑ ሳያበቃ በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ ቤቱን ሞላው። ስለ ሙታን የተዘመረ ዜማ ሲያልቅ ሰው ተነሥቶ ዝም ብሎ ቢሄድ፥ ዘማርያኑንም ከበር ላይ አመስግኗቸው ቢያልፍ ምን ይጐድልበታል?

በጀርመን አገር የምትኖሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይልቁንም ዘመዳችሁን ሳትቀብሩ የቀራችሁ፥ በኅዳር ወር አጋማሽ በየአብያተ ክርስቲያናቱ በር የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ተመልከቱ፤ የሹትስን ስም ካያችሁበት ግቡ። ቋንቋው ባይገባችሁ መጻሕፍቱን ከልጅነታችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ሲያልቅም እባካችሁ አታጨብጭቡ።