ቤት ስንለቅ የምንተወው

አማርኛችን ሰውን ከቦታ ጋር ካስተሳሰረባቸው አባባሎች ሁሉ «እትብቱ የተቀበረበት» የሚለውን የሚያህል የለም። ዛሬ ለንግግር ማሳመሪያ ብናደርገውም ከመነሻው የእጅ ሥራ ነበር፤ አዋላጇ እትብቱን ትቆርጣለች፣ ከቤተሰቡ አንዱ ጓሮ ወርዶ ይቀብረዋል። ያ ልጅ አድጎ አገር ቢለውጥ፣ ቤቱ ቢሸጥ፣ አጥሩ ቢፈርስ፣ ከዚያ መሬት ውስጥ ትቶት የሄደው ነገር አለ። ማንም አያየውም፤ ማንም አይሸጠውም፤ ማንም አይለውጠውም።

እኛስ? ሆስፒታል ተወልደን በኪራይ ቤት ያደግን፣ ዕጣ የወጣልን አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣን፣ ዕጣ ያልወጣልን ደግሞ ከጀሞ ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቱሉ ዲምቱ በአይሱዙ ዕቃችንን እያስጫንን የምንዞር የከተማ ሰዎች ከኋላችን ምን እንተዋለን? ብዙዎቻችን የምንተወው የምስማር ቀዳዳ፣ የተቃጠለ አምፖልና ያልተከፈለ የውኃ ሒሳብ ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ልንተው ይገባናል ባይ ነኝ። ቤት የሚለቅ ሰው፣ በተለይም ተከራይ፣ ከመውጣቱ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር ከቤቱ ገላ ውስጥ ሸሽጎ ይሂድ። ውድ ነገር አይሁን። እዚህ መኖሩን የምትናገር ትሁን እንጂ ወረቀትም ትሁን ፎቶግራፍ፣ ቁልፍም ትሁን የልጅ ጫማ ግድ የለኝም።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት የእንጀራ ገመዴን ልጥቀስ። ሥራዬ ባንክ ቤት ነው። በብድር ክፍል በቆየሁባቸው ዓመታት ቤታቸውን በመያዣነት የሚያቀርቡ ደንበኞችን ፋይል ሳገላብጥ ውዬ አመሽ ነበር። በዚያ ፋይል ውስጥ የይዞታ ማረጋገጫው አለ፤ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር ተለክቶ ተቀምጧል፤ ግድግዳው የብሎኬት ይሁን የጭቃ፣ ቆርቆሮው ስንት ክረምት እንዳሳለፈ መሐንዲሱ ጽፎበታል፤ ለእርጅናው የሚቀነሰው ተቀንሶ ግምቱ በብር ሰፍሯል። ፎቶግራፎችም አሉ፤ ሰው እንዳይገባባቸው ተብሎ በጥንቃቄ የተነሡ። አንድ ቀን ከእነዚያ ፎቶግራፎች በአንዱ ጥግ ላይ የሕፃን ጫማ አየሁ፤ አንድ እግር ብቻ፣ በሩ ሥር የወደቀ። በግምቱ ዝርዝር ውስጥ አልተጠቀሰም። ሊጠቀስም አይችልም፤ ባንክ የሚያበድረው በግድግዳው ላይ እንጂ በግድግዳው ውስጥ በተኖረው ላይ አይደለም። ሆኖም ያን ፋይል ዘግቼ ስነሣ፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ተመዝግቦ ነዋሪው ሙሉ በሙሉ እንደ ቀረ ተሰማኝ።

ይህ የባለቤቱ ነው። የተከራይማ ምን ሊባል! በባለቤትነት ካርታ ላይ ስሙ የለም፤ በግብር ደረሰኝ ላይ የለም። የኪራይ ውሉ ጊዜው ሲያልፍ ይቀደዳል፣ ወይም ከድሮ ደረሰኞች ጋር ሻንጣ ውስጥ ይቢጫል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ መደንገጉ ለተከራይ መልካም ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ማለት ልጅ ወልዶ እግር ለማስተከል የምትበቃ ዕድሜ ናት። ያ ልጅ የመጀመሪያ እርምጃውን የተራመደበት ወለል፣ ውሉ ባበቃ ማግስት የሌላ ሰው ወለል ይሆናል። በመዝገብ ቤት የሚቀረው የውሉ ቁጥር ነው።

የቀበሌ ቤትም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ዋሉ። በእነዚያ ቤቶች ሦስት ትውልድ ተወልዶባቸዋል፤ ሠርግ ተደግሶባቸዋል፤ ለቅሶ ተቀምጦባቸዋል። ነዋሪው ሁሉ በሕግ ዓይን ተከራይ ነበር። ቤቶቹ ከቋሚና ከማገር፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ነበሩ፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ብዙዎቹ በጋዜጣ የተለበጡ። ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፣ በእሳት ይሞቃል፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የቆሸሸ ሲመስል በላዩ ሌላ ይደረብበታል። እንዲህ እየተደራረበ የአንድ ቤት ግድግዳ የንጉሡን ዘመን ከሥር፣ የደርግን ከመካከል፣ የኢሕአዴግን ከላይ ይዞ ይቆማል። ከፊደል ገበታ ቀጥሎ ማንበብ የተለማመደው በዚያ ግድግዳ ላይ የሆነ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ግማሹ በቁም ሣጥን ተሸፍኖበት ቀሪውን በግምት የሞላ! ለጌጥና ለብርድ የተለጠፈው ወረቀት ሳይታሰብ የቤቱ ማኅደር ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ይህን አይቶታል። አንዱ ግድግዳ ወድቆ ሌላው ገና ሳይወድቅ፣ የአንድ ቤተሰብ ጓዳ ለመንገደኛ ሁሉ ይገለጣል፤ አረንጓዴ ቀለም፣ የተሰቀለ ሥዕል የነበረበት ነጭ አራት ማዕዘን፣ የጋዜጣ ቁራጭ። በማግስቱ ያም የለም። ከተማ መታደስ የለበትም አልልም፤ ዝናብ በገባ ቁጥር ባልዲ የሚደረደርበትን ቤት ለማያውቅ ሰው የድሮ ቤት ናፍቆት ቀላል ነው። የምለው፣ ሲፈርስ ከውስጡ የሚወድቅ አንድ ነገር ቢኖር ኖሮ ነው። ስለ ካዛንቺስ ከተነሣ አይቀር፣ ጣሊያኖች እንኳ ሲወጡ ትተው የሄዱት ነገር አለ፤ «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋማቸው ምኅጻረ ስም ነበር፣ «ካዜ» ደግሞ ቤቶች ማለት ነው። እነርሱ በ1933 ዓ.ም. ወጡ፤ የቤቶቻቸው ስም በእኛ አፍ ተለውጦ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ።

ይሁንና መሸሸግ በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም። ይህን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። አገራችን ስትሸሽግ የኖረችው በአብዛኛው ከፍርሃት ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ጠመንጃ ከመሬት ተቀበረ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በራሪ ወረቀትና መጽሐፍ ከጓሮ ተቀበረ፣ ያልተቀበረው ምድጃ ውስጥ ገባ። የቀበሩት ብዙዎች ተመልሰው አላወጡትም። ከዚህ ሌላ የመተት ሥጋት አለ። ከደፉ ሥር ወይም ከጉበኑ በላይ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ያገኘች እመቤት «የማን ማስታወሻ ይሆን?» አትልም፤ ጠበል ትረጭበታለች፣ ጎረቤት ትጠራለች፣ በቀደም ከኮረፈቻት ሴት ጋር ታያይዘዋለች። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የጥንት ቤቶች ሲታደሱ ከግድግዳና ከጭስ መውጫ ውስጥ ያረጀ ጫማ ይገኛል፤ በኖርዛምፕተን ከተማ ያለው ሙዚየም የእነዚህን የተሸሸጉ ጫማዎች መዝገብ ይዟል። ለምን እንደሸሸጓቸው የጻፈ ሰው ባይገኝም፣ ክፉ መንፈስን ለመከላከል ነው የሚለው ግምት የብዙዎች ነው። በእነርሱ ግድግዳ ውስጥ ቤቱን ይጠብቃል የተባለው በእኛ ግድግዳ ውስጥ ቤቱን ያፈርሳል ይባላል።

መድኃኒቱ ጽሕፈት ይመስለኛል። ዝም ያለ ነገር ያስፈራል፤ የሚናገር ነገር አያስፈራም። ይህን ያስተማሩኝ የቀድሞ አከራዬ ናቸው። ሰባት ዓመት ከኖርኩበት የሰርቪስ ክፍል ስወጣ፣ ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ወንበር ላይ ቆሜ ከኮርኒሱና ከግድግዳው መካከል ወረቀት ሳስገባ በሩ ላይ ደረሱ።

«ምን እያደረግህ ነው ልጄ?»

«ለሚቀጥለው ተከራይ መልእክት እየተውኩ ነው፣ እማማ።»

«አምጣው እስቲ፣ አንብበው።»

ከወንበሩ ወርጄ አነበብኩላቸው። (ግጥም ጻፊ ነኝና ቤት መምታት እንጂ ቤት መሥራት አልሆነልኝም፤ አንባቢ ይታገሠኝ።)

ከእኔ በኋላ የምትገባ፣ የማላውቅህ አንተ ሰው፣
ጠዋት ፀሐይ ትገባለች፣ መጋረጃውን መልሰው፤
ክረምት ሲሆን ግራው ያፈስሳል፣ ከሥሩ ባልዲ አኑርበት፣
ሰባት ዓመት የኖርኩትን ቤት፣ አንተ ሰባ ዓመት ኑርበት።

ስለ ጣራው የጻፍኩት እንዳላስደሰታቸው ከፊታቸው ገባኝ። ሆኖም «ቅደደው» አላሉም። «ስምህን ጻፍበት፤ ስም የሌለው ነገር ለሰው ክፉ ያሳስበዋል» አሉኝ። ጻፍኩ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ቤቱ የተሠራው በ1963 ነው፤ እኔ በሙሽርነት የገባሁበት ዓመት ነው፤ እርሱንም ጨምርበት» አሉ። ያንንም ጻፍኩ። በዚያች ወረቀት ላይ የአንድ ባለቤትና የአንድ ተከራይ ዕድሜ ጎን ለጎን ሰፍሯል፤ ባንክ ውስጥ ካገላበጥኳቸው ፋይሎች በአንዱም እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

«ቤቱ ራሱ ነገ በግሬደር የሚጠረግ ከሆነ ወረቀትህ ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሴን ከሩቅ አገር ላምጣው። እ.ኤ.አ. በ1940 ናዚዎች የዋርሶን አይሁዳውያን በግንብ በታጠረ ሰፈር ውስጥ ዘጓቸው። በዚያ ውስጥ አማኑኤል ሪንገልብሉም የተባለ የታሪክ ምሁር ከጓደኞቹ ጋር በምስጢር ወረቀት ይሰበስብ ነበር፤ የታላላቅ ሰዎችን ጽሑፍ ብቻ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ልጆችን ድርሰት፣ የራሽን ካርድ፣ የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር። በቆርቆሮ ሣጥንና በወተት ማመላለሻ ጣሳ አድርገው ከአንድ ትምህርት ቤት ሥር ቀበሩት። እ.ኤ.አ. በ1943 ያ ሰፈር በሙሉ ተቃጥሎ የጡብ ክምር ሆነ። ሪንገልብሉም በ1944 ተገደለ። ሣጥኖቹ በ1946፣ ሁለቱ ጣሳዎች በ1950 ከፍርስራሹ ሥር ወጡ፤ ሦስተኛው ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም። የእኛን ቤት መልቀቅ ከእነርሱ መከራ ጋር ማወዳደር ነውር ነው፤ አላወዳድርም። የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ ጠፍተው የከረሜላው ወረቀት መትረፉን። ለወዳጄ ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ መስማማቱ ይሁን መታከቱ አልገባኝም።

በጽሑፌ የሚስማማ ሰው ካለ ጥቂት የልምድ ነገር ልንገረው። ግድግዳ አይቦርቡር፤ ቤቱ የሰው ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ከኮርኒሱ ጠርዝ ወይም ከመቃኑ ጀርባ ያለው ክፍተት ይበቃዋል፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ በአግሮስቶን የተከፈለው ግድግዳ በላይኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ ክፍት አለው። ገንዘብና ወርቅ አይተው፤ የሰው ልብ ይፈትናል። ጸሎት የሚመስል ነገር በጨርቅ አይቋጥር፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ። ወረቀቱን በላስቲክ ይጠቅልለው፤ በእስክርቢቶ ሳይሆን በእርሳስ ይጻፍ፣ ቀለም በርጥበት ይፈስሳል። ስንት ሰው እንደኖረበት፣ ልጅ ተወልዶበት እንደሆነ፣ ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ክፉ ጎረቤት ካለ ስሙን ሳይጠራ፣ ደግ ጎረቤት ካለ ስሙን ጠርቶ ይጻፍ። ከታች ዓመተ ምሕረቱን ያስፍር፤ ይፈርም፤ ከዚያ ቁልፉን ያስረክብ።