ባዶው ኦርኬስትራና የጉራጌ ወጣት

የዘፈን ምርጫ ቀላል ጉዳይ መስሎ ይታያል። ይሁንና አንድ ኅብረተሰብ በሠርጉ፣ በመስቀሉና በወጣቶቹ ጨዋታ ላይ የሚዘፈነውን የሚወስነው ማን ነው? መመዘኛውስ ምንድን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጉዳዩ የባህል ህልውና ጥያቄ መሆኑ ይገለጣል። በወልቂጤና በቡታጅራ የሠርግና የበዓል ድንኳኖች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እየለመደ የመጣው በአንድ ሐረግ ነው፤ «ሰዉን የሚያስጨፍረው ይመረጥ»። ይህ መልስ ሕዝብን ያከበረ ይምሰል እንጂ ሕዝብን ከገዛ መድረኩ የሚያስወርድ ነው።

ስለ ዘፈን ምርጫ ከተነሣ የጃፓኖችን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። «ካራኦኬ» የሚለው ቃል ትርጉሙ «ባዶ ኦርኬስትራ» ማለት ነው። በኮቤ ከተማ በየመጠጥ ቤቱ እንግዶችን በሙዚቃ ያጅብ የነበረው ኢኖዌ ዳይሱኬ በ1971 እ.ኤ.አ. ዘፋኝ የሌለበትን አጃቢ ሙዚቃ በቴፕ ቀድቶ ሳንቲም በሚጎርስ መሣሪያ ውስጥ አኖረው። መጀመሪያ ያከራያቸው መሣሪያዎች 11 ብቻ ነበሩ፤ የፈጠራ መብትም አላስመዘገበባቸውም። ከዚያ ወዲህ የጃፓን ወጣት ከአለቆቹና ከባልንጀሮቹ ጋር ሲያመሽ የትኛውን ዘፈን ልምረጥ ብሎ ይጨነቃል። የተሳካለት መራጭ የሚባለውም ሽማግሌውም ጎልማሳውም የሚያውቀውን፣ ሁሉም አብሮ የሚቀበለውን ያገኘ ነው። እንግዲህ የዚያ ኦርኬስትራ ባዶነት ዓላማ ያለው ባዶነት ነው፤ ዘፍኖ ለማያውቀው ሰው ቦታ ይለቅለታል።

የጃፓን መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። ያማሃ፣ ካሲዮ፣ ኮርግና ሮላንድ የሚሉትን ስሞች የማያውቅ የሠርግ ዘፋኝ የለም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊቱን መድረክ ካጠበበ ወዲህ፣ ብዙ ተጫዋች የሚጠይቀውን ባለነፋስ መሣሪያ ባንድ ሕዝቡ «ኦርጋን» የሚለው ኪቦርድ ቀስ በቀስ ተካው። ዛሬ አንድ ኦርጋን ተጫዋች፣ አንድ ዘፋኝና ጥንድ ሞንታርቦ ካሉ ሠርጉ ሙሉ ነው ይባላል። እነርሱም ባይኖሩ ፍላሽ ይበቃል። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ የተቀባዩ ድምፅ ሳይቀር ተቀድቶ ተዘጋጅቷል። በጃፓን የዘፋኙን ቦታ ባዶ ያደረገው ብልሃት እዚህ ሲደርስ የተቀባዩን ቦታ ሞላው። ያኛው ዝምተኛውን አስዘፈነ፤ ይኸኛው ዘፋኙን ሕዝብ ዝም አሰኘ።

ጉዳቱ የሚገባው የጉራጌ ዘፈን አሠራር ሲጤን ነው። ይህ ዘፈን በመሪና በተቀባይ የቆመ ነው። በጀፎረው ሣር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ተመልካች ሳይሆን የዘፈኑ እኩሌታ ባለቤት ነው። መሪው ያወድሳል፣ ይጎሽማል፣ የሰሞኑን ነገር በግጥም ያነሣል፤ ተቀባዩ ያጸድቃል ወይም ይስቅበታል። ከመስቀል በኋላ በሚደምቀው አዳብና ወጣቱ የሚለካው በዝላዩ ብቻ ሳይሆን በቃሉም ነው። ቸሃ፣ እዣ፣ ክስታኔ፣ መስቃንና ሌሎችም የአካባቢው አንደበቶች በጽሑፍ ያፈሩት ገና ጥቂት በመሆኑ፣ ዘፈኑ መዝገበ ቃላታቸውም ታሪካቸውም ነው። ተቀባዩ ዝም ባለ ቁጥር ከዚህ መዝገብ አንድ ቅጠል ይቀደዳል።

ታዲያ በአገሪቱ መድረኮች ላይ «ጉራጌኛ» ማለት ምን ሆኗል? የምሽቱ መዝጊያ፣ ታዳሚውን ከወንበሩ የሚያስነሣ ምት ሆኗል። ምቱ ተወስዶ ቃሉ ተጥሏል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በየቀበሌው ኪነት በተቋቋመበት ዘመንም ያው ምት የመፈክር ተሸካሚ ሆኖ ነበር። ትናንት መፈክር፣ ዛሬ ማንም ሊጽፈው የሚችል የአድናቆት ስንኝ፤ በሁለቱም ጊዜ የጉራጌ ዘፈን ከወገቡ በታች ብቻ ተፈለገ። ከጉራጌ ቤተሰብ የተወለደው መሐሙድ አሕመድ ጉራጌኛን በዓለም መድረክ ሲያሰማ ድምፁንም ቃሉንም ይዞ ነው። ተከታዮቹ ከእርሱ የወሰዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምቱን ነው።

«ወጣቱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ወጣቱ መጨፈሩ ጭፈራ መውደዱን ያስረዳል፤ ሌላ አለመውደዱን ግን አያስረዳም። አንድ ወጥ ብቻ የቀረበለት እንግዳ ያንኑ ስለበላ ምርጫው ታወቀ አይባልም። ለመስቀል ከመርካቶ ወደ አገሩ የሚገባው ወጣት ርችትና ሞንታርቦ ፍለጋ አይመጣም፤ እነዚያ አዲስ አበባ ሞልተውለታል። የሚመጣው እዚያ የማያገኘውን ፍለጋ ነው። እርሱ በደረሰበት ድንኳን የሚቀበለው ግን ትቶት የመጣው ድምፅ ነው።

«ባህል ቆሞ አይቀርም፣ መሣሪያውን አትጥሉት» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ጠላቱ ኪቦርዱ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አልበሙን ያሳተመው የአድማስ ባንድ፣ ኢትዮጵያዊና ጃፓናዊ ደም ያለው አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዮታ ያለበት ቡድን፣ ኪቦርድ የኢትዮጵያን ዜማ ሳይውጠው ሊያገለግለው እንደሚችል አሳይቷል። የትዝታ ቅኝትና የጃፓን ኤንካ ዘፈን ሁለቱም በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ናቸውና መሣሪያው ለዚህ ጆሮ ባዕድ አይደለም። ጥፋቱ ያለው በመራጩ ላይ ነው።

በመሆኑም መመዘኛው ይለወጥ። አንድ ዘፈን ከመመረጡ በፊት ስንቱን ያስጨፍራል ተብሎ ብቻ ሳይሆን ስንቱን ያስቀብላል ተብሎ ይጠየቅ። ኦርጋን ተጫዋቹ የተቀባዩን ድምፅ ከመሣሪያው ያውጣ፤ ምቱም መሪውን ይከተል እንጂ መሪውን አይንዳ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ እናቶችና ወደ ሽማግሌዎች ልከው የአዳብናውንና የሠርጉን ግጥም በየአንደበቱ ያስጽፉ። ቡታጅራ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ወልቂጤም የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። የሁለቱም የባህል መምሪያዎች አስተዳደሩ ቢለያይም ዘፈኑ አልተከፈለምና በጋራ ያስቀርጹ።

የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ከየኪሱ አዋጥቶ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። መንገዱን በራሱ ገንዘብ የሠራ ሕዝብ ዘፈኑን በራሱ አፍ መዝፈን አያቅተውም። የሚቀረው ቦታውን መልቀቅ ብቻ ነው።