ቄሱ ምን አሉ?

በ2023 ኦክቶበር ውስጥ ነው። እማማ ከታችኛው ፎቅ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያ የምርጫ ወረቀት መጥቷል፤ ና አንብብልኝ።» ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ በምንኖርበት አፓርታማ የእማማ ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነኝ። የመብራት ቢሉ፣ የሜዲኬሩ ወረቀት፣ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት የላከው ማስታወቂያ፣ ሁሉም ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀኛል። ስወርድ ቡናው ቀርቧል፤ ፖስታውን በቢላ ከፍተው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውታል። ገና አንድ ቃል ሳላነብ፣
«ቄሱ ምን አሉ?» አሉኝ።
«ስለ ምኑ?»
«ማንን ምረጡ አሉ?»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የስቴት ሴናተር አለ፣ የምክር ቤት ተወካይ አለ፣ ሸሪፍ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የትምህርት ቦርድ አለ። ከዚያ ወረድ ብሎ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዳይሬክተሮች። እውነቴን ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሹም በሕዝብ ድምፅ ነው የሚመረጠው። «እማማ፣ ስለ አፈርና ውሃ ቄሱ ምን ሊሉ ይችላሉ?» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።
«አፈሩንና ውሃውን የፈጠረው ማን ሆነና?»

መልስ አጣሁ። ቡናዬን ጠጣሁ።

«ሃይማኖት የግል ነው፣ ሀገር የጋራ ነው» የሚለውን አባባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህ ጥያቄ ድሮ ያለቀ ይመስለናል። በእርግጥ ብዙ ተደክሞበታል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጓት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ እኩልነት ብለው ሲሰለፉ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጥተዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አለ። ደህና። ግን አንቀጽ 11 የሚናገረው ስለ መንግሥት ነው እንጂ ስለ እማማ አይደለም። እማማ ሑዳዴን 55ቱንም ቀን ይጾማሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ቅባት አይቀምሱም፤ ወር በገባ በ12 ሚካኤልን ሳይስሙ አይውሉም። ይህን ሁሉ ከላያቸው ገፍፌ «በሉ አሁን ይምረጡ» ብላቸው የሚቀረው ሰው ማነው?

ስለዚህ «እምነታችሁን በር ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ» ከሚሉት ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። ሃይማኖት ያለው ሰው ሃይማኖቱ እንዳስተማረው ቢመርጥ ነውር አይታየኝም። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ መብት ሕጉ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ማንበብ የማይችል መራጭ የሚያግዘውን ሰው ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ልጅ፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ የፈለገውን። የተከለከሉት አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ወይም ወኪል ብቻ ናቸው። ሕግ አውጪው የፈራው እንጀራ የሚሰጠውን ሰው ነው። ሕጉን ያወጣው አበሻ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ሰው ይጨምር ነበር፤ የንስሐ አባት።

ይህን የምለው አባቶችን ለማሳነስ አይደለም። የንስሐ አባት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቤት ገዝተን ጠበል የሚረጩልን፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ እኩለ ሌሊት ስልክ የሚያነሡ፣ ለማንም ያልነገርነውን የሰሙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቡና ላይ እንደ ዋዛ «እኔ እንኳ እገሌ ይሻላል ባይ ነኝ» ቢል አስተያየት ሆኖ አይቀርም፤ ቤት ውስጥ ላለው ሁሉ ትእዛዝ ነው። አሠሪ ቢቆጣ ሌላ ሥራ ይፈለጋል። የንስሐ አባት ቢያዝኑብንስ?

ይህን ነገር እስራኤሎች በሕግ ጽፈውታል። በ1996ቱ ምርጫ ሻስ የተባለው ሃይማኖታዊ ፓርቲ የሽማግሌውን ራቢ የይስሐቅ ካዱሪን ክታብ ለመራጮች አደለ፤ 6 የነበረው መቀመጫው 10 ሆነ። ክታቡ አመጣው አልልም፤ ሻስን የሚያስመርጥ ሌላ ብዙ ምክንያት ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ የምክር ቤታቸው የክነሴት ምርጫ ሕግ ሰውን በመሐላ፣ በእርግማን፣ በግዝት፣ በስለት፣ በምርቃት ተስፋ ወይም ክታብ በመስጠት እንዲመርጥ ማድረግን ወንጀል ይለዋል። ዝርዝሩን መጀመሪያ ሳነብ ወሎ ወይም ጎጃም ተቀምጦ ያረቀቀው ሰው ያለ መሰለኝ። አንድም የቀረ የለም።

እዚያ ያሉት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ይህን ጉዳይ ከማናችንም በላይ ኖረውታል። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 «አይሁድ ናቸው» ብለው በመወሰናቸው ወደ እስራኤል መንገዱ ተከፈተ። በዘመቻ ሙሴ ከገቡ በኋላ ግን ዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ይሁዲነታቸውን ተጠራጥሮ የመንጻት ሥርዓት ፈጽሙ አላቸው፤ በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ኦቫድያ ዮሴፍ በኋላ የሻስ መንፈሳዊ መሪ ሆነዋል። እንግዲህ አንድ የጎንደር ቤተ እስራኤል ድምፁን ሲሰጥ የትኛውን ያስባል? የራቢውን ውለታ ወይስ የጽሕፈት ቤቱን በር? ሁለቱም ሃይማኖት ነው። ክነሴት የገቡት ልጆቻቸው የመጡበት መንገድ ራሱ ይናገራል፤ አዲሱ መሰለ በሌበር፣ ማዞር ባሃይና በሻስ፣ ሽሎሞ ሞላ በካዲማ፣ አብርሃም ንጉሤ በሊኩድ፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ በየሽ አቲድ። ጸሎታቸው አንድ፣ ፓርቲያቸው አምስት።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። አሜሪካ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ከግብር ነፃ ናቸው። በ1954 ሴናተር ሊንደን ጆንሰን ያስገባው አንቀጽ ደግሞ እንዲህ ያለ ድርጅት ዕጩን እንዳይደግፍም እንዳይቃወምም ይከለክላል። በ2025 ጁላይ የግብር መሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ ይህን አላላው፤ የእምነት ቤት በአምልኮ ሥርዓቱ ላይ ለራሱ ምእመናን ስለ ዕጩ ቢናገር እንደ ቤተሰብ ወግ ይታያል አለ። ይህን የጻፈው ሰው የአበሻ ቤተሰብ ወግ አያውቅም።

አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጴንጤ፣ ታክሲ ነጂ። ፓስተሩ ቢናገሩም ባይናገሩም ለእሱ ነገሩ አንድ ነው፤ ጽንስ። በ2022 ጁን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማስወረድን መብት ሲሽር መኪናውን አቁሞ አልቅሷል። ይኸው ሰው አሜሪካ የገባው በዲቪ ነው፤ እህቱ ደግሞ ሀገር ቤት ሆና በየዓመቱ ትሞላ ነበር። ኒው ዮርክ ላይ በ2017 መጨረሻ በዲቪ የገባ ሰው በመኪና ሰዎችን ሲገድል፣ ወዳጄ የመረጣቸው ፕሬዚዳንት ዲቪ ይቁም አሉ። «ያንተን በር ለሚዘጋ ሰው ነው ድምፅህን የሰጠኸው» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። «አውቃለሁ» አለኝ በመጨረሻ፤ «እህቴ ባትመጣም ትኖራለች።» አልተስማማሁም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይበልጥ አከበርኩት። ምን እንደሚከፍል ቆጥሮ፣ ራሱ መዝኖ፣ ራሱ የወሰነ ሰው ነው።

የማላከብረው «እሱ እኮ ክርስቲያን ነው» የሚለውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ፎቶ ስለተነሣ? በ2020 ትራምፕ ያሸንፋሉ ብለው በእግዚአብሔር ስም የተናገሩ ነቢያት ነበሩ፤ ሳይሆን ሲቀር አንዳንዶቹ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሌሎቹ ቀኑን አራዘሙ። እዚህ ሀገር አንድ ፖለቲከኛ «ክርስቲያን» ሲል የእማማን ነጠላና ከበሮ እያሰበ አይደለም። ቃሉ የእኛ ይመስለናል እንጂ የራሱ ሰፈር አለው።

ሙስሊም ወንድሞቻችንም ዘንድ ወጉ ያው ይመስለኝ ነበር። በ2024 ፌብሩዋሪ ሚሺጋን ላይ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በጋዛ ጦርነት ተቆጥቶ «አልወሰንኩም» ብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ የደሴ ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬን «ኢማሙ ነግሯችሁ ነው?» አልኩት። «ኢማሙ ምን ይነግረኛል፣ ቴሌቪዥን የለኝም?» አለኝ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ፖለቲካ ቤተ መቅደስ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እኛ ከማንም መማር አያስፈልገንም። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወርደው ከተሰደዱ በኋላ ውጭ ሀገር ያለን ምእመናን ከሦስት ተከፈልን፤ የሀገር ቤት ሲኖዶስ፣ ስደተኛው ሲኖዶስ፣ ገለልተኛ። አንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ታቦት ስም ሁለት ደብር፣ በሁለት የመኪና ማቆሚያ ስፍራ ሁለት ዓይነት ወሬ። እናት በአንዱ ስታስቀድስ ልጅ በሌላው ክርስትና ያስነሣ ነበር። በ2018 ጁላይ ዋሽንግተን ላይ እርቅ ሲወርድ ያለቀሰው ሕዝብ ያለቀሰው ለሲኖዶስ ብቻ መሰላችሁ? ለጠፋው እሑድ ነው።

አራት ዓመት አልቆየንም። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ፣ ባይደን በትግራይ ጦርነት ላይ በያዙት ፖሊሲ የተቆጣን ብዙዎች ዲሞክራቱን ቴሪ ማኮሊፍን ለመቅጣት ወጣን። ግሌን ያንግኪን በ2 በመቶ ገደማ አሸነፈ፤ «እኛ ነን የጣልነው» እያልን ለወራት ተኩራራን። መምረጣችን መብታችን ነበር፤ እሱ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ከምርጫው በፊት የነበረ አንድ እሑድ ነው።

ቅዳሴ አልቆ ዐውደ ምሕረት ላይ ማስታወቂያ ይነበባል። የሰንበት ትምህርት ቤት ጉዞ፣ ለጣሪያው የሚዋጣ ገንዘብ፣ የሙት ዓመት። በዚህ መሃል አንድ የቦርድ አባል ማይኩን ተቀበለና «ሀገሩን የሚወድ፣ ሃይማኖቱን የሚወድ ሁሉ ማክሰኞ ማንን እንደሚመርጥ ያውቃል» ብሎ የዕጩውን ስም ጠራ። እልልታው ቀለጠ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ከፊቴ ሁለት ረድፍ ቀድማ የምትቀመጥ የአድዋ ልጅ ነበረች፤ ለዓመታት በየእሑዱ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ለጠበል ጸዲቁ የምታመጣ። በዚያን ጊዜ ትግራይ ስልክ የለም፤ እናቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ጫማዋን በር ላይ አድርጋ ወጣች። ማንም አልተከተላትም።

ሰውየው «ሀገሩን የሚወድ» ብሎ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ተናድዳ ትቀመጥ ነበር። በሀገር ጉዳይ ተከራክሮ አብሮ ዳቦ መቁረስ እንችላለን፤ ለምደነዋል። «ሃይማኖቱን» ሲል ግን የካደች አደረጋት። የወጣችው ከምርጫ አይደለም፣ ካስቀደሰችበት ቅዳሴ ነው። የገዥ የሥልጣን ዘመን 4 ዓመት ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ዳቦውን አሁን ከሱቅ እንገዛለን፤ አዳራሽ ውስጥ አንድም ሰው ስለዚህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ እማማ «ቄሱ ምን አሉ?» ሲሉኝ ይህ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። እንዲህ ብዬ ሙሉውን ልተርክላቸው አልደፈርኩም። «ምንም አላሉም» ብቻ አልኳቸው።
«እንግዲያው ራሴ እጠይቃለሁ» አሉና ስልካቸውን አነሡ። የንስሐ አባታቸው ሥራ ላይ ነበሩ መሰለኝ፣ ከኋላቸው የመኪና ድምፅ ይሰማል። እማማ ለደቂቃ ያህል አዳምጠው፣ «እሺ አባቴ፣ ይፍቱኝ» ብለው ዘጉ።
«ምን አሉ?»
«ጸልዪና የመሰለሽን አጥቁሪ አሉኝ። ለእኔም እንኳ እንዳትነግሪኝ አሉ።»

ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ስለ እያንዳንዱ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ሸሪፉን ቶሎ ጨረሱት፤ አፈርና ውሃውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሳበቃ እስክሪብቶውን አንሥተው አማተቡና ቀና ብለው አዩኝ።
«አንተም ፊትህን አዙር።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከኋላዬ እስክሪብቶው ክቡን ሲሞላ ጭር ጭር ይላል። ቆመ። እንደገና ጀመረ። ቆመ።
«ስማ ልጄ» አሉ ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «ከእነዚህ መሃል መሬት ያረሰ የትኛው ነው ያልከኝ?»