የአቮካዶ ፖለቲካ

አንዳንድ ወዳጆቼ «ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት መጻፉን ትተህ አሁን ደግሞ ስለ ጓሮ አትክልት ልትነግረን ነው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይቅርታቸውን አስቀድሜ እየጠየቅሁ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ዘጠና የአቮካዶ ዛፎች ነው። አንባቢ እስከ መጨረሻው ከታገሠኝ ግን ከፖለቲካው ያን ያህል እንዳልራቅሁ ይረዳልኛል።

ዛፎቹ ያሉት ጎጃም፣ ሜጫ ውስጥ ነው። የቆጋ ግድብ እንዲያለማው ከታሰበው 7,000 ሄክታር መሬት መካከል፣ በእናቴ ስም የተመዘገበች ከአንድ ጥማድ ጥቂት የምትበልጥ ማሳ አለች። በ2009 ዓ.ም. ክረምት እኔ ከአዲስ አበባ ሄጄ፣ እናቴ እየመረቀች፣ ጎረቤት እየሳቀ ተከልናቸው። ጎረቤት የሳቀው ለምን እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ዛፍ መትከልን የምናስበው ባንክ ገንዘብ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ አስቀምጠን እንሄዳለን፣ ወለዱ ራሱ ይቆጥራል። እኔም ቢበዛ የምፈራው ድርቅና ተባይ ነበር። ድርቅ አልመጣም፤ የመጣው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ከአበባው ተነሣ። በአራተኛው ዓመት ዛፎቹ በአበባ ተሸፈኑ፤ እናቴ በስልክ «ቅጠሉ አይታይም» አለችኝ። ፍሬው ግን በጣት የሚቆጠር ሆነ። ምክንያቱን ፍለጋ ማንበብ ስጀምር የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ እንደሚከፈት ተማርሁ። መጀመሪያ ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፤ በማግሥቱ ወንድ ሆኖ ዳግመኛ ይከፈታል። ሃስ የሚባለው ዝርያ ሴትነቱ ጠዋት፣ ወንድነቱ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ፉየርቴና ኤቲንገር የሚባሉት ደግሞ በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ ሴት ሆነው ይከፈቱና በማግሥቱ ጠዋት ወንድ ይሆናሉ። ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንዱ ብናኝ ለሌላው በሰዓቱ ይደርሳል። ሃስ ብቻውን ጭራሽ አያፈራም ማለት አይደለም፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ይዛነፍና ሴቱና ወንዱ ይገናኛሉ። ነገር ግን ያ በዕድል ላይ የቆመ እርሻ ነው።

የእኔ ዘጠና ዛፎች ዘጠናውም ሃስ ናቸው። ችግኙን የሰጠን ቢሮ ሌላ ዝርያ አልጨመረበትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሪፖርቱ ላይ «90 ችግኝ» ተብሎ ተመዘገበ፤ ከዘጠናው ውስጥ ዘጠኙ ሌላ ዝርያ ቢሆኑ ኖሮም የሚመዘገበው ያው «90» ነበር። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ማሳው ግን ተሳሳተ።

እዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በዚያች አንዲት ዕለት ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ ዓለምም አወራለት። እኔ የመትከል ዘመቻ ጠላት አይደለሁም፤ የተራቆተ ተራራ ያየ ሰው እንዴት ይሆናል? ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለመሆኑ የተተከለበትን ቀን የምናውቀውን ያህል፣ አምስተኛ ዓመቱን ያከበረለት ችግኝ አለን? መትከል የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ ለካሜራ ይመቻል። የፍራፍሬ ዛፍ ግን ከተተከለ በኋላ ያለው ታሪኩ ሁሉ አሰልቺ ነው፤ መግረዝ፣ መኮትኮት፣ ውኃ መመጠን፣ መጠበቅ። ለአሰልቺ ነገር ደግሞ በጀትም ሥልጣንም የሚሰጥ የለም።

ወደ ማሳው ልመለስ። አበባውን ከዕድል ለማውጣት ንብ ያስፈልጋል። ከማሳችን በላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ስድስት ቀፎ ነበራቸው። ንቦቹ ግን አንድ ሳምንት ውስጥ ከቀፎው ሥር ተነጥፈው ተገኙ። በስተ ምዕራብ ያለው ጎረቤታችን ቀይ ሽንኩርት ያለማል፤ ሽንኩርቱን ተባይ ሲበላበት መድኃኒት ይረጫል፤ የሚረጨውም ጠዋት፣ ንብ በምትሠማራበት ሰዓት ነው። በቁጣ ሄጄ አነጋገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ዛፍህ ሃያ ዓመት ይጠብቅሃል። የእኔ ሽንኩርት ግን በአራት ወር ውስጥ ወይ ዕዳዬን ይከፍላል፣ ወይ በሬዬን ያሸጠኛል። ማምሻውን እንድረጭ ማን ነገረኝ? መድኃኒቱን የሸጠልኝ ነጋዴ?» የምመልሰው አጣሁ። እውነትም ማን ነገረው? አንዱን የልማት ሠራተኛ ስለ ማዳበሪያ ዕዳም፣ ስለ ስብሰባም፣ ስለ መዋጮም የምንልከው እኛው አይደለንም?

የውኃውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የቦዩ ተራ የሚወጣው ለስንዴና ለሽንኩርት ተብሎ ነው፤ ውኃው ሲመጣ በብዛት ይመጣል፣ ሲሄድም ይሄዳል። አቮካዶ ሥሩ ወደ ላይ የቀረበ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ የሚጠላው ደግሞ እግሩ በውኃ ውስጥ መቆሙን ነው። ከላይ ካለው ማሳ የሚተርፈው ውኃ በእኛ በታችኛው ጥግ ይተኛል። በዚያ ጥግ የነበሩት አሥራ አራት ዛፎች ቅጠላቸው ሲጠወልግ፣ እናቴ ጠማቸው ብላ ይበልጥ አጠጣቻቸው። ሥራቸው በስብሶ ነበር። አሥራ አራቱም ሞቱ። በመስጠም ላይ ላለ ሰው ውኃ ማቀበል ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእርሷ አይደለም፤ የሰጠመ ዛፍ ከተጠማ ዛፍ በመልኩ አይለይም።

ስለ ሌቦችና ስለ ጦጣዎች ብዙ አልልም። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ስለዚህ ሌባ የሚወስደው ድንጋይ ነው፤ ቅጣቱን ቤቱ ሲደርስ ያገኘዋል። ስለ ደላሎች ግን አንድ ቃል፦ ፍሬውን በዱላ እያራገፉ ጆንያ ውስጥ ይሞሉታል፣ ባሕር ዳር ሲደርስ ግማሹ ጠቁሯል፣ ለጠቆረው የሚቀነሰው ዋጋ ከእኛ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ያላሰብሁት ወደ ነበረው ደረስሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጦርነቱም ቀጠለ። ስለ ጦርነቱ ከእኔ የተሻለ የሚጽፉ አሉ፤ ሰው በሞተበት ስለ ፍራፍሬ መጻፍም ያሳፍራል። ግን የዛፉን ምስክርነት ላስመዝግብ። ፍሬው በደረሰበት ወራት መንገዱ ተዘጋ። እናቴ «ግድ የለም፣ ይህ ፍሬ እንደ ማንጎ አይደለም፣ ዛፉ ላይ ይቆያል» አለች፤ ልክ ነበረች፤ ለሳምንታት ቆየ። መንገዱ ሲከፈት ሽጠን፣ «እንኳንም አቮካዶ ሆነ» ተባባልን። በሚቀጥለው ዓመት ግን ዛፎቹ አበባ የሚባል ነገር አላሳዩም ማለት ይቻላል። አቮካዶ ፍሬውን ያለ ጊዜው ተሸክሞ ሲቆይ የሚከፍለው ከመጪው ዓመት ነው፤ ለአበባ ያስቀመጠውን ስንቅ ለአሮጌው ፍሬ ያውለዋል። ጦርነት ያበላሸውን የምንቆጥረው በተቃጠለውና በፈረሰው ነው። በእናቴ ማሳ ግን አንድም የተቃጠለ ነገር የለም፤ ዛፎቹም እንደ ለመለሙ ናቸው። የጠፋው ገና ያልመጣው ዓመት ነው። ይህን ኪሳራ የሚመዘግብ ኮሚቴ ይኖራል?

እንግዲህ ጎረቤት ለምን እንደ ሳቀ ልናገር። የ1989 ዓ.ም.ን የመሬት ድልድል የሚያስታውስ የጎጃም ገበሬ፣ በስብሰባ ላይ በተነበበ ዝርዝር ማሳው ለሌላ ሲሰጥ ያየ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የይዞታ ደብተር ታድሏል፤ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ የእርሷን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ሲወሰድ የሚከፈለውን ደግሞ አዋጅ ይወስነዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከገጠር መሬቱ በቋሚነት ለሚነሣ ሰው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ የመፈናቀያ ካሳ ደነገገ። ከቀድሞው የተሻለ ድንጋጌ ነው፤ ተክሉ ራሱ ለብቻው እንደሚገመትም አውቃለሁ። ግን ስሌቱን እዩት። ሽንኩርት ላመረተው ጎረቤቴ ሦስቱ ዓመታት ሦስት ገቢ ናቸው። ችግኝ ለተከለው ሰው ሦስቱ ዓመታት ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ ናቸው፤ የባዶ አሥራ አምስት እጥፍም ባዶ ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው ማሳ ግን በየዓመቱ የሚታጨድ ነው። ገበሬው ይህን አንቀጽ አላነበበውም፤ ማንበብም አላስፈለገውም። በአካባቢያችን ባሕር ዛፍ የበዛው፣ ጫትም የተስፋፋው ቶሎ ገንዘብ ስለሚሆኑ ነው። ጎረቤቴ የሳቀው በእናቴ አልነበረም፤ አገሩ ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ይቆይልኛል ብሎ በማመን በመጣው የከተማ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴ «በሞቱት ቦታ ባሕር ዛፍ ልትከልበት?» ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም ለማለት አፌን ስከፍት፣ በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው ማሳውን የምትኮተኩተው እርሷ፣ በስልኩ ወዲህ ያለሁት ምክር የምሰጠው እኔ መሆኔ ታወሰኝና ዝም አልሁ። ከዚያ ስለ አበባው ሰዓት እንደ ገና ነገርኋት። ሌላኛውን ዝርያ ፍለጋ የጠየቅናቸው ችግኝ ጣቢያዎች ግን ሃስ ያልሆነውን ሁሉ «የአገሬው» ብለው ነው የሚጠሩት።

ከሳምንታት በኋላ ደወለች። ከእኛ ቤት በታች፣ በአንድ አሮጌ ጓሮ ውስጥ ማን እንደ ተከለው የማይታወቅ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እየወረደች አበባውን ስታይ ሰንብታለች። «አንተ ልጅ፣ ይኸኛው ጠዋት ጠዋት ነው ብናኙን የሚያወጣው» አለችኝ። የጓሮውን ባለቤት አስፈቅዳ ቅርንጫፍ እንድትወስድ ተስማምተዋል። በሞቱት አሥራ አራቱ ቦታ ሳይሆን ውኃ በማይተኛበት በላይኛው ዳር፣ ስድስት ችግኝ በላስቲክ አፍልታ ለማዳቀል እየጠበቀች ነው። የታችኛውን ጥግ ሽንኩርት ዘርታበታለች።