«እኛ ጋ ይከፍታል»

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን ከግቢ በር ወደ ቴሌግራም ቻናል ካዞሩ ወዲህ ብዙ ድካም ቀርቷል። ስሙ መውጣቱን ለማየት ብቻ ከክልል ተነስቶ ሌሊት አውቶቡስ ይሳፈር የነበረው ሰው ዛሬ ቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚሁ መልካም ለውጥ ውስጥ ግን እየተለመደ የመጣ በደል አለ። ማስታወቂያው ይለጠፋል፤ ከሥሩ ሊንክ ይቀመጣል፤ ሊንኩ ሲነካ ፈቃድ ያስፈልግዎታል የሚል ገጽ ይመጣል። ለሕዝብ ተብሎ የወጣ ሰነድ ሕዝቡን ፈቃድ ይጠይቃል።

በቅርቡ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ይህንኑ አየሁ። አንዲት ወጣት የጽሑፍ ፈተና ያለፉ አመልካቾች ዝርዝር ወጣ የተባለበትን ሊንክ ይዛ መጥታለች። ስልኳ ላይ እምቢ ሲላት የኔትወርክ ችግር መስሏት ጥቅል ገዝታለች፤ ስልኩን አጥፍታ አብርታለች። የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒዩተርም ያንኑ ገጽ አመጣ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለች። ስፒከር ላይ ስላደረገችው መልሱን ሁላችንም ሰማን፦ «እኛ ጋ ይከፍታል እኮ፤ ኔትወርክ ይሆናል።» የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ገጹን አየት አድርጎ «የኔ እህት፣ ኔትወርክ ቢሆን ይሄም ገጽ አይመጣም ነበር» አላት።

ልጁ ልክ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ ጭራሽ አይመጣም ወይም ሲዞር ይቆያል። ፈቃድ የለዎትም የሚል መልስ፣ አንዳንድ ጊዜም 403 የሚል ቁጥር ከመጣ ግን ጥያቄው ደርሷል፤ ተነቦ ነው የተከለከለው። 404 ከሆነ ፋይሉ በዚያ አድራሻ አልተገኘም ማለት ነው። ይህን ብቻ ማወቅ ስንት ሰው በከንቱ ጥቅል ከመግዛት ያድናል።

ስልክ ያነሱት ሠራተኛም አልዋሹም፤ እርሳቸው ጋ በእርግጥ ይከፍታል። ፋይል ጎግል ድራይቭ ላይ ሲጫን መጀመሪያ የሚከፈተው ለጫነው ሰው ብቻ ነው። ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያየው ከተፈለገ ማጋሪያው ውስጥ ገብቶ መቀየር የባለቤቱ ሥራ ነው። ባለቤቱ ግን በራሱ አካውንት እንደገባ ስለሚሞክረው መዘጋቱን በፍጹም ሊያይ አይችልም። ፋይሉ ለተቋሙ አካውንቶች ብቻ ተፈቅዶ ከሆነማ ሕንጻው ውስጥ ያለ ሁሉ ይከፍተዋል፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ ይከለከላል። ስለዚህ «እኛ ጋ ይከፍታል» ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው ሊንኩን ምንም አካውንት ባልገባበት የብሮውዘር መስኮት፣ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ሰው ስልክ መሞከር ነው። ከመለጠፍ በፊት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በተጠቃሚው በኩል የሚስተካከልም አለ። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትለት ሻጩ ነው፤ አድራሻውንም ፓስዋርዱንም አያውቀውም። ቅጽ ላይ የሞላው ኢሜይል ሌላ፣ ስልኩ ላይ ያለው ሌላ ይሆናል። ሰነዱ የተፈቀደው ለዚያ ለተሞላው ኢሜይል ከሆነ በዚህኛው አይከፈትም። በየትኛው አካውንት እንደገባን ማየት፣ ሊንኩንም ቴሌግራም ውስጥ ከመክፈት ይልቅ ገልብጦ አካውንታችን ባለበት ክሮም ላይ መክፈት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ከዚህ አልፎ እምቢ ካለ ግን ቁልፉ ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ለዜጋው የሚቀረው ነገር ፈቃድ መጠየቂያውን መጫን ብቻ ነው።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ያ ጥያቄ የሚሄደው ወደ ፋይሉ ባለቤት ኢሜይል ነው። ባለቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ሰነዱን በግል ጂሜይሉ የጫነ አንድ ሠራተኛ ነው። ዕረፍት ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ተዛውሮ ወይም ሥራ ለቆ ሊሆን ይችላል። የምዝገባው ቀን እያለቀ፣ የሰዎች ጥያቄ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይከማቻል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያነሳል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የማይከፈት ሊንክ መለጠፍ ይህን ግዴታ መወጣት ነው ብዬ አላምንም።

ሁሉን መክፈትም መፍትሔ አይደለም። ነቀፋ ሲበዛባቸው ለሁሉም የማረም ፈቃድ ጭምር የሚሰጡ አሉ፤ ያኔ ማንም አላፊ ስም ሊሰርዝ፣ ነጥብ ሊቀይር ይችላል። የአመልካቾች ስልክ ቁጥርና መታወቂያ ያለበትን ሰንጠረዥ ለዓለም መክፈትም ሌላ ጥፋት ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ያለውን መረጃ ለመጠበቅ ነው። ለሕዝብ የሚወጣው ዝርዝር መለያ ቁጥርና ውጤት ብቻ የያዘ፣ ማንበብ እንጂ ማረም የማይቻልበት ፒዲኤፍ ይሁን። ፋይሉ በመሥሪያ ቤቱ አካውንት ይጫን፤ ከሊንኩ ሥር የሚያነሳ ሰው ያለበት ስልክ ቁጥር ይጻፍ፤ ማስታወቂያው ጸንቶ እስከሚቆይበት ቀን ድረስም የፈቃድ ጥያቄዎቹን ጠዋትና ከሰዓት የሚያይ አንድ ሠራተኛ በስሙ ይመደብ።