«ጨው ቀንሱ» ተብለናል፤ የትኛውን ጨው?

እናቴ ደም ግፊት እንዳለባት ከተነገራት ሦስት ዓመት አለፋት። ሐኪሙ ኪኒኑን አዘዘላትና «ጨው ይቀንሱ» ብሎ ሸኛት። እሷ ደግሞ የሐኪም ቃል የምታከብር ሴት ናት። በዚያው ሳምንት የጨው ዕቃው ከምድጃው አጠገብ ተነስቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ቤታችን ውስጥ ወጥ ሁሉ አልጫ ሆነ፤ ቀዩም ጭምር!

ግፊቱ ግን አልወርድ አለ። እኔም እንደ ማንኛውም ሐኪም ያልሆነ ልጅ «ጭንቀት ነው እማ» እያልኩ ከረምኩ።

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ አብሬያት ሽሮ ስሠራ ነገሩ ተገለጠልኝ። እማ በወረቀት ከተጠቀለለችው የወጥ ማጣፈጫ ሁለት ፍሬ ፈልጣ ድስቱ ውስጥ ጣል አደረገች። «ጨው ስለቀነስኩ እንዳይመርባችሁ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። ማሸጊያውን አንስቼ በዚያች ጉንዳን በምታክል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ዐይኔን አፈጠጥኩ። የዝርዝሩ የመጀመሪያ ቃል «ጨው» ነው። እንዲህ ዓይነቱ ማጣፈጫ አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጨው ነው። በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ዳቦውም አለበት። እናቴ የቀነሰችው በዐይኗ የምታየውን ጨው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ስለ አመጋገብ የምንሰጠው ትምህርት ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ትምህርት ጠፍቶ አይደለም። «የተመጣጠነ ምግብ ይመገቡ» ሲባል ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሰምተናል። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ፖም፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ተሰልፈው ያዩናል። ፖስተሩን ያየ ሰው የሚገባው ግን አንድ ነገር ነው፦ «ሀብታም ሁኑ»። የእኛ ድስትና የእኛ መሶብ፣ እኛ ከሱቅ የምንገዛት ትንሿ እሽግ ፖስተሩ ላይ የሉም። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተሳተፈበት አገራዊ የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል። ጥሩ ነው። የእማ ማድቤት ግን ገና አልደረሰም።

እኛ ወጣቶቹስ? ከሥራ ስንወጣ እርጥብ በለስላሳ እናወራርዳለን። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ መደበኛ ኮላ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው፤ በሻይ ማንኪያ ሲቆጠር ሰባት ወይም ስምንት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች ስኳር እንዲወስድ ይመክራል። ጨው ደግሞ ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ። ሻይ ውስጥ ስምንት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ጓደኛ ብናይ «ምን ነካህ?» እንለዋለን። በጠርሙስ ሲመጣ ግን ዝም!

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ስለሆነ የራሴን ቤት ሳልነካ አላልፍም። የጤና ፕሮግራም አዘጋጅተን፣ ባለሙያ ጋብዘን ስለ ስኳር በሽታ እናስጠነቅቃለን። ቀጥሎ ማስታወቂያ ይገባል። የሚተዋወቀው ደግሞ ጣፋጭ መጠጥ! አድማጭ የትኛውን ይመን?

«ሰው የሚበላው ሳያጣ ስለ ምግብ ይዘት ታወሪያለሽ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ምክር ሆድ አይሞላም። የእንቁላልና የወተትን ዋጋ ምክር አያወርደውም፤ ያ የመንግሥትና የገበያ ሥራ ነው። ግን እስቲ እነዚህን ተመልከቱ፦ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ብረቱን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል። አዮዲን ያለው ጨው ተከድኖ ቢቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር አዮዲኑ ብዙ አይባክንም። የወጥ ማጣፈጫውን መተው ደግሞ ጭራሽ ገንዘብ ያተርፋል። ከሎሚዋ በቀር ሳንቲም የሚያስወጣ የለበትም። የሚፈልገው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በየቋንቋችን፣ የዕቃውን ስም ጠርቶ የሚናገር ሰው ነው።

እማ አሁን በማጣፈጫው ፋንታ ነጭ ሽንኩርትና ኮሰረት ታበዛለች። ኪኒኗንም አላቋረጠችም። ባለፈው ስትለካ ግፊቱ ትንሽ ወርዷል። ማጣፈጫውን በመተዋ ብቻ ነው ብዬ አልምልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ የማይጣፍጥ ወጥ የበላችው የተባለችውን የፈጸመች መስሏት ነው። እሷ ቃሏን ጠብቃለች። የቀረው ከእኛ፣ ከነጋሪዎቹ ነው።